ኮርንፍላወርን ከዘር ማብቀል፦ ለጎንደር ግቢ የትኛው መንገድ ይሻላል?

የኮርንፍላወር ዘር ፓኬት ጀርባ ላይ ያለው መመሪያ የተጻፈው ለአውሮፓና ለአሜሪካ ጓሮ ነው። በሚያዝያ ገደማ ዝሩ፣ ከሁለት ወር ተኩል እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ያብባል ይላል። ይህን ቃል በቃል የተከተለ የጎንደር ሰው አበባው ሊፈነዳ ሲል የሐምሌ ዶፍ ይወርድበታል። ቀጭኑ ግንድ መሬት ላይ ይተኛል። እንቡጡ እንደረጠበ ይሻግታል። ሰውየውም «ይኼ ነገር ለኛ አገር አይሆንም» ብሎ ይተወዋል።

ለኛም አገር ይሆናል። ግን ዝርያ ከመምረጣችሁ በፊት ወር ምረጡ። ጎንደር ላይ ከፍግም፣ ከዝርያም፣ ከማሰሮም በላይ ውጤቱን የሚወስነው የዘራችሁበት ጊዜ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አበባውን ለማታውቁት ባጭሩ። ኮርንፍላወር አንድ ወቅት ኖሮ ዘሩን ጥሎ የሚደርቅ የአውሮፓ ተክል ነው። የሱፍ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ጠጋ ብሎ ላየው ዝምድናው አይጠፋውም። ሱፍ ላይ የምናውቀው ቅርፊት በቅርፊት የተደራረበ እንቡጥ አለው፣ ከአናቱ ላይ አበባው ይበተናል፣ እሾህ ግን የለውም። ቅጠሉ ቀጭንና ረዘም ያለ፣ ወደ አመድማ የሚያደላ አረንጓዴ ነው፤ ሲዳስሱት ስስ ጸጉር አለው። ሮዝ፣ ነጭና ጠቆር ያለ ቀይ ቀለም ያለውም አለ፣ ሰው የሚፈልገው ግን ሰማያዊውን ነው። እውነቱን ለመናገር ሰማያዊ እየተባሉ የሚሸጡ ብዙ አበቦች ወይን ጠጅ ናቸው። ይኼኛው የምር ሰማያዊ ነው። የሚገርመው፣ ቀይ ጽጌረዳን የሚያቀላው ንጥረ ነገር እዚህም አለ፤ ከብረትና ከማግኒዥየም ጋር ተጣምሮ ነው ሰማያዊ የሚሆነው።

ብርድ አያስፈራውም፣ ቀለል ያለ ውርጭ እንኳ ይችላል። 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው የጎንደር አየር ይመቸዋል። ጠላቶቹ የተኛ ውሃና ጥላ ናቸው። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የማያገኝ ግቢ ካላችሁ እዚህ ላይ ሌላ አበባ ብታስቡ ይሻላል።

መቼ ይዘራ?

መጀመሪያ አንድ ነገር እንያዝ። ኮርንፍላወር ቀኑ ሲረዝም ለማበብ የሚቸኩል ተክል ነው። ሰሜን አውሮፓ በሰኔ ወር ቀኑ ከ16 ሰዓት በላይ ይረዝማል። ጎንደር ላይ የዓመቱ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት አይሞላም፤ አጭሩ፣ የታኅሣሡ፣ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ እዚህ የተዘራ ኮርንፍላወር ቅጠሉን መሬት ላይ አንጥፎ ረዘም ላለ ጊዜ ሊቀመጥ ይችላል። አበባውም ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው ይዘገያል። «መከነ» ብላችሁ አትንቀሉት።

ይህን ይዘን ወራቱን እናወዳድር። ሦስት አማራጮች አሉ።

አንደኛው የክረምት መግቢያ ነው፣ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ አጋማሽ። ውሃው ነጻ ነው፣ ቀኑም በዓመቱ የሚረዝመው ያኔ ነው። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። መሬት ላይ ሲሆን ግን ሐምሌና ነሐሴ አሉ። ጎንደር ከዓመት ዝናቧ ትልቁን ድርሻ የምታገኘው በነዚህ ሁለት ወራት ነው። ሰማዩ ጠቁሮ ይውላል፣ በረዶ ይወርዳል፣ አረሙ ከአበባው ቀድሞ ያድጋል። ሥሩ ውሃ ውስጥ ከሰነበተ ተክሉ ከአንገቱ ይበሰብሳል። ቅጠሉ ላይም ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ወይም ዋግ ሊወጣበት ይችላል። እኔ ይህን ጊዜ የምመክረው ከፍ ያለ መደብ ላለውና ወጣ ያለ የጣሪያ ክፈፍ ሥር ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ላለው ሰው ብቻ ነው። ለሌላው ድካሙ ከጥቅሙ ይበልጣል።

ሁለተኛው የክረምት መውጫ ነው፣ ከመስቀል ዋዜማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት አጋማሽ። አደይ አበባ ሜዳውን ቢጫ ባለበሰበት ሰሞን ማለት ነው። መሬቱ ገና እርጥብ ነው፣ ዶፉ ግን አልፏል። ፀሐይ አለ፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል፣ ለመብቀል ከዚህ የበለጠ አይፈልግም። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል። ከዚያ እርጥበቱ ወደ ታች ሲሸሽ ሥሩም ተከትሎት ይወርዳል፣ በኋላ በጋው ሲከር የሚያድነውም ይኸው ነው። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ሻጋታው ብዙ አያስቸግርም። ጉዳቱ ቀኑ እያጠረ የሚሄድበት ወቅት መሆኑ ነው። አበባውን ከገና በፊት አትጠብቁት፤ ቀደም ካለ ምርቃት ነው። ከኅዳር ጀምሮ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ውሃ ይፈልጋል። ስታጠጡ ጠለቅ አድርጋችሁ አጠጡ፤ በየቀኑ ላይ ላዩን ማርጠብ ሥሩን ያሰንፈዋል።

ሦስተኛው የበጋው ዘር ነው፣ ከጥምቀት በኋላ እስከ የካቲት አጋማሽ። ቀኑ መርዘም ጀምሯል፣ ስለዚህ ወደ አበባ የሚወስደው መንገድ ከመስከረሙ ሊያጥር ይችላል። ክረምቱ ሳይገባ ሚያዝያና ግንቦት ላይ የማየት ተስፋ አላችሁ። ዋጋው ውሃ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ጎንደር ላይ ሙቀቱ 30 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፣ ቧንቧው ደግሞ በፈረቃ ነው። ለመላው ጓሮ አይታሰብም። ለአራትና ለአምስት ማሰሮ ግን ጎመንና ድንች የታጠበበት ውሃ ይበቃል። ሳሙና የነካውን ብቻ አርቁት።

ምርጫዬን ልናገር፦ መሬት ያለው በመስቀል ሰሞን ይዝራ፣ ማሰሮ ብቻ ያለው በጥር መጨረሻ። ዘሩ በቂ ከሆነ ደግሞ ግማሹን በመስቀል፣ ግማሹን ከሦስት ሳምንት በኋላ ዝሩት። ኮርንፍላወር አንዴ ሲያብብ ብዙ ወር የሚቆይ አይደለም፣ ዘሩን ከፋፍሎ መዝራት ዕድሜውን ያራዝመዋል።

አንድ ዘዴ ደግሞ አለ፣ ለማሰሮ ብቻ የሚሆን። የበረንዳ አምፖል። በአበባ እርሻዎች ሌሊት መብራት የሚበራላቸው ዝርያዎች አሉ፤ ተክሉ ቀኑ የረዘመ ይመስለዋልና ቶሎ ያብባል። ኮርንፍላወርም ከዚያው ወገን ነው። ማታ ማታ ለጥቂት ሰዓት የሚበራ የበረንዳ መብራት ካላችሁ፣ ማሰሮውን ቀን ፀሐይ፣ ማታ ደግሞ የአምፖሉ ብርሃን የሚያገኘው ቦታ ላይ አስቀምጡት። መብራት ሲጠፋ ምን ይደረግ አትበሉኝ።

ቀጥታ መሬት ላይ ወይስ በችግኝ?

ቀጥታ መሬት ላይ። ክርክሩ አጭር ነው፤ ኮርንፍላወር አንድ ዋና ሥር ወደ ታች የሚሰድ ተክል ነው፣ ያ ሥር ከተነካ ይኮርፋል። እንደ ቃሪያና ቲማቲም ነቅሎ ማዛመት አይመቸውም።

ዘሩን መዳፋችሁ ላይ አፍስሳችሁ እዩት። ከሩዝ ፍሬ ያነሰ፣ የሚያብለጨልጭ ግራጫ ነው፤ ከአንደኛው ጫፉ ላይ አጭር ብሩሽ የመሰለ ቡናማ ጸጉር አለው። ትልቅ ስለሆነ አንድ አንድ እያነሱ መዝራት ይቻላል። መደቡን ኮትኩታችሁ አለስልሱ፣ በጣታችሁ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚጠልቅ ቦይ አውጡ፣ ዘሩን በየአምስት በየአሥር ሴንቲ ሜትሩ ጣል አድርጉ፣ አፈር መልሱበትና በእጅ ጫን ጫን አድርጉት። ማልበሱን አትዝለሉት። ደቃቅ የአበባ ዘሮችን ላይ ላዩን በትኖ መተው የለመደ ሰው እዚህም እንደዚያው ያደርጋል። ይኼኛው ጨለማ ውስጥ ነው በደንብ የሚበቅለው። ውሃውን በወንፊት ባለ ማጠጫ ወይም በተበሳሳ ሃይላንድ አንጠባጥቡ፣ ከጆግ ብትደፉት ዘሩ አንድ ጥግ ተጠራቅሞ ይበቅላል።

ከዚያ ዶሮዎቹ። ግቢ ውስጥ ዶሮ ካለ አዲስ የተኮተኮተ መደብ ለነሱ የተጠራ ድግስ ነው። እሾሃማ ቅርንጫፍ ከላይ አጋድሙበት፣ ቡቃያው ጣት ሲያክል ታነሱታላችሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ሰው የሚሳሳለት ሥራ ነው፦ ማሳሳት። ቡቃያው አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ በመካከላቸው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር እየተዋችሁ ትርፉን ንቀሉ። ያሳዝናል፣ አውቃለሁ። የበቀለን ነገር መንቀል ለኛ ይከብደናል። ነገር ግን ተጨናንቆ ያደገ ኮርንፍላወር ቀጥኖ ይመዝዛል፣ አበባው ያንሳል፣ ንፋስ ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ ይወድቃል።

ችግኝ የሚያዋጣበት ሁኔታ ግን አለ። ውጭ ያለች እህት አንድ ፓኬት ልካላችሁ ውስጡ ያለው ዘር በጣት የሚቆጠር ከሆነ፣ ወይም ግቢው ከዶሮም በላይ ሕፃናት የሚሯሯጡበት ከሆነ። ያኔ ሰፊ ሳጥን ላይ አትዝሩ። የሶፍት ጥቅል መሐል ያለውን ካርቶን አፈር ሙሉበት፣ በያንዳንዱ ሁለት ዘር ጨምሩ፣ ሲበቅል ደካማውን ቁረጡ። ሁለት ሦስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ከነካርቶኑ፣ ማታ ላይ፣ መሬት ውስጥ አስቀምጡት። ካርቶኑ ራሱ ይበሰብሳል፣ ሥሩም ሳይነካ ይቀራል። የካርቶኑ ጠርዝ ከአፈር በላይ እንዳይቀር ብቻ ተጠንቀቁ፤ ጠርዙ አየር ላይ ከቀረ እርጥበቱን እየመጠጠ ያወጣዋል።

ዋልካ፣ ቀይ አፈር ወይስ ማሰሮ?

ተዳፋት ላይ ያለ ቀይ አፈር ያለው ሰው ብዙ አይጨነቅ። ውሃ አይተኛበትም፣ ለኮርንፍላወር ይህ ግማሽ ሥራ ነው። በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ትንሽ ጨምሮ መዝራት ይችላል። አፈሩ በጣም ኮምጣጣ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ከምድጃ የወጣ የእንጨት አመድ በስሱ ይበትንበት፤ ተክሉ ገለልተኛ ወይም ትንሽ ወደ ኖራማ ያደላ አፈር ይወዳል።

ወደ አዘዞ ዝቅ እንዳሉት ሜዳማ ቦታዎች ያለ ጥቁር ዋልካ ላይ ያላችሁ ግን ሥራ ይጠብቃችኋል። ዋልካ ክረምት ላይ ውሃ ይዞ ይቀመጣል፣ በጋ ላይ ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል። ለኮርንፍላወር ሁለቱም መጥፎ ነው። ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ በድንጋይ ከልላችሁ ሥሩ፤ ድንጋይ ጎንደር ውስጥ አይጠፋም። መሐሉን በኮምፖስትና ካገኛችሁ በቀይ አፈር ሙሉት። አንዳንዱ ሰው ዋልካው ላይ ጥቂት አሸዋ ጨምሮ የሚሻሻል ይመስለዋል፣ ጥቂት አሸዋ ግን ጭቃውን ያጠነክረዋል እንጂ አያላላውም። በጋው ሲገባ ደግሞ ዙሪያውን ጭድ ጎዝጉዙበት፣ ስንጥቁ ይቀንሳል።

በሁለቱም አፈር ላይ ፍግ አታብዙ። እሰየው ብሎ ይበላውና ቅጠል በቅጠል ይሆናል፣ ግንዱ ይለሰልሳል፣ አበባው ይረሳል። ዩሪያ ጭራሹን አያስፈልገውም።

ማሰሮ የተከራይ ምርጫ ነው። ቤት ሲቀየር አብሮ ይሄዳል፣ ዶፍ ሲመጣ ወደ ክፈፍ ሥር ይጎተታል። ጥልቀቱ ከ25 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ። 20 ሊትር የሚይዝ የቀለም ባልዲ ታጥቦ ታቹ አምስት ስድስት ቦታ ቢበሳ በቂ ነው፤ ሦስት አጫጭር ተክል ይይዛል። የተቆረጠ ጀሪካንም ያገለግላል፣ በጎኑ ተጋድሞ የተቆረጠው ግን ጥልቀቱ ስለሚያንስ ለሥሩ አይመችም። ማሰሮ ከመሬት ቶሎ ይደርቃል። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱት፤ ደረቅ ከሆነ አጠጡ፣ እርጥብ ከሆነ ተዉት።

ረጅም ወይስ አጭር ዝርያ?

ፓኬቱ ላይ «ብሉ ቦይ» ወይም «ብላክ ቦል» ካለ ረጅም ነው፣ ከ75 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የመጀመሪያው ሰማያዊ ነው፣ ሁለተኛው ጠቆር ያለ ቀይ። ተቆርጦ ቤት ለሚገባ አበባ እነዚህ ይሻላሉ፣ ግን መደገፊያ ይፈልጋሉ። በመደቡ አራት ጥግ ሸምበቆ ተክላችሁ ዙሪያውን በሲባጎ ብታስሩ ይበቃል። «ጁብሊ ጄም» 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ «ፍሎረንስ»ም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ለማሰሮና ለመንገድ ዳር መደብ እነሱን ውሰዱ። «ፖልካ ዶት» ቅይጥ ቀለም ነው፣ ቁመቱ መካከለኛ። ለጀማሪ አጭሩን እመክራለሁ፤ የመውደቅን ጣጣ ያስቀራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ከዓመት ዓመት የሚኖር የተራራ ኮርንፍላወር የሚባል ሌላ ዝርያ አለ፣ ሥዕሉ ይመሳሰላል። እሱ ብርዱ የከረረ ክረምት የለመደ ነው። ፓኬቱ ላይ የአንድ ዓመት ተክል መሆኑን አረጋግጡ። ዘሩ የታሸገበትንም ዓመት ተመልከቱ፤ ሦስት ዓመት ካለፈው ጥቂቱን እርጥብ ሶፍት ውስጥ ጠቅልላችሁ ሞክሩት። ግማሹ እንኳ ካልበቀለ ዘሩን ጠቅጠቅ አድርጋችሁ ዝሩ።

ወይስ ጭራሹን ሌላ አበባ?

ይህን ጥያቄ መሸሽ አይገባም። ግባችሁ ግቢው ቶሎ እንዲያምር ብቻ ከሆነ ኮስሞስና ዚኒያ ያሸንፋሉ። ሁለቱም ከሜክሲኮ አካባቢ የመጡ ናቸው፣ ቀኑ አጠር ሲል ነው ለማበብ የሚፈጥኑት። የኛ ሰማይ ለነሱ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ኮስሞስ ደካማ አፈርም አይንቅም። ዚኒያ በሙቀቱ ወር ከኮርንፍላወር በተሻለ ይቆማል። ግን አንዳቸውም ሰማያዊ የላቸውም።

ሰማያዊ ፈልጋችሁ ዘር መጠበቅ ካልፈለጋችሁ አጋፓንተስ አለ። ከጎረቤት ግቢ አንድ ግንጣይ ለምኖ መትከል ነው፣ ከሥሩ እየተባዛ ለዓመታት ይኖራል። ቅጠሉ ሰፊ ቦታ ይይዛል፣ ማሰሮ ውስጥ ይጨናነቃል፣ ሰማያዊነቱም ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። ለአጥር ሥር ግን ከሱ የሚሻል የለም። ኮርንፍላወር የሚመረጠው ያንን የጠራ ሰማያዊ ለሚፈልግ፣ ንብ ግቢው ውስጥ ስትመላለስ ማየት ለሚወድ፣ አበባ ቆርጦ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ለለመደ ሰው ነው።

ካበበ በኋላ

ለጠረጴዛ የምትቆርጡ ከሆነ ጠዋት፣ አበባው ግማሽ ሲፈታ ቁረጡ፤ ውሃው ከተቀየረለት ሳምንት ገደማ ይቆያል። ለማድረቅ ዘቅዝቃችሁ ጨለማ ጓዳ ውስጥ ስቀሉት፣ ፀሐይ ላይ ከደረቀ ሰማያዊው ይነጣል። የጠወለገውን አበባ ቶሎ ቶሎ ከቀነጠባችሁ ተክሉ ሌላ ያወጣል። ክሽክሽ ግንዱ ላይ ከሰፈረ ጠንከር ባለ ውሃ አጥቦ መጣል ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ በተለይ ንብ በሚመላለስበት ጊዜ መድኃኒት አትርጩ።

ወደ መጨረሻው ጥቂት አበባ ሳትቀነጥቡ ተዉ። እንቡጡ ገለባ ሲመስልና ጫፉ ሲከፈት ዘሩ ደርሷል፤ ወረቀት ከረጢት ውስጥ አራግፉት። ስታዘገዩት መሬት ላይ ይረግፋል፣ ጉንዳኖቹም ይሻሙታል። የተለያየ ቀለም አጠገብ ለአጠገብ ከዘራችሁ ንቦቹ ያዳቅሉታልና በሚቀጥለው ዓመት የሚወጣው ቀለም ድብልቅ ይሆናል። ሰማያዊውን ብቻ የሚፈልግ ሰው ሰማያዊውን ብቻ ይዝራ።

አጥራችሁ ከስንዴ ወይም ከገብስ ማሳ ጋር የሚዋሰን ከሆነ ግን የተረፈውን ዘር ወደዚያ እንዳትበትኑ። ኮርንፍላወር በትውልድ አገሩ ለብዙ መቶ ዓመታት የእህል አረም ሆኖ ነው የኖረው፤ አረም ማጥፊያ እስኪመጣ ድረስ የአውሮፓ ገበሬ ሲማረርበት ኖሯል። ከማሳ ጎን የምትኖሩ ለዘር ከምትተዉት ጥቂት አበባ በስተቀር ሌላውን ሳይረግፍ ቁረጡት፣ የደረቀውንም ተክል ኮምፖስት ውስጥ ሳትጨምሩ አቃጥሉት።